ጋቢና የሌለው መኪና

ግመሉ ድንገት መስታወቱን ሞልቶ ቆመ። ትግሉ ፍሬኑን የረገጠው ከመታው በኋላ ነው። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስቱም ስክሪኖች ቀይ ሆኑ፤ ከኋላ ተራቸውን የሚጠብቁት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ።

«ትግሉ ግመል ጣለ!» አለ ዴቅ፣ አብሮት ያደገውና በአንድ መናኸሪያ የሚሠራው ጓደኛው። «ኑ፣ ሥጋ እንካፈል!»

ትግሉም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? ከጅጅጋ ሐረር ሲመላለስ የሸበተ የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የካራማራን ተራራ እንደ ጓሮው ያውቀዋል፤ ጭጋግ ሲለብስም፣ ዝናብ ሲያረጥበውም፣ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ሲዘጋውም ወጥቶበታል፣ ወርዶበታል። በእውነተኛው መንገድ ላይ እንኳን ግመል ፍየል ገጭቶ አያውቅም። አሁን በቴሌቪዥን ግመል ገጨ ተብሎ ሊያፍር ነው? ቢሆንም መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ማሽኑ የመጣው በ2016 ነው። ሕዝብ የሚጭን ሾፌር ሁሉ በየጊዜው የተሃድሶ ሥልጠና ይውሰድ ተባለና ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ የሾፌር ወንበር ከነመሪው፣ ከነማርሹና ከነፍሬኑ ተተከለ። ከፊቱ ሦስት ትልልቅ ስክሪኖች በግማሽ ክብ ቆሙ። አሠልጣኞቹ ሲሙሌተር ይሉታል። ሾፌሮቹ ግን ሰፈር ውስጥ ወጣቶች ኳስ የሚጫወቱበትን አስታወሳቸውና ፕሌይስቴሽን አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀለት። መጀመሪያ ሲመጣ መንገድ የሚያቋርጥበት አጋዘን ነበር አሉ። አሠልጣኞቹ በስንት ልመና ግመል አስገቡበት፤ ግመሉ ግን መልኩ የግመል፣ አረማመዱ የፈረስ ሆኖ ቀረ። ጅጅጋ ውስጥ ግመል አረማመድ ላይ የማይራቀቅ ሰው የለምና በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ክርክር ሄዷል።

«ከየት መጣ ይሄ?» አለ ትግሉ።

«ከግራ ነው፣ ጋሽ ትግሉ» አለች ሶሲና። አሠልጣኟ ናት፤ ከአዳማ ተመድባ የመጣች፣ ሠላሳ የማይሞላት፣ ስትቆጣ እንኳ ድምጿ ከፍ የማይል ሴት። «ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ። በቂ ጊዜ ነበረዎት።»

«ይሄ እኮ ፈረስ ነው! የእኛ አገር ግመል እንዲህ አይገባም።»

«እሺ፣ እንደገና እንሞክር።»

እንደገና ነዳ። አሁን ተጠንቅቋል፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንገቱን ወደፊት አስግጓል። ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ያዘ፣ ከፊቱ የመጣውን ተሳቢ በሥርዓት አሳለፈ። ከኋላ አንዱ «አሁን ገባው!» ሲል ሰማ። ወዲያው ቢጫ ጀሪካን የያዘች ሴት ከመኪናው አፍንጫ ሥር ብቅ አለች፤ ስክሪኑም ቀላ። እሷም ከግራ ነበር የመጣችው።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። የማሽኑ ሞተር ድምፅ ብቻ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ማጉረምረሙን ቀጠለ።

ትግሉ ብድግ አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ወንበሩን በእርግጫ መታው። «መኪና ነው ይሄ? ጋቢና እንኳ የሌለው! እኔ ብቻዬን ነድቼ አላውቅም። እኔ ጋቢና ሰው አለኝ!»

ይህን ያለው ከንዴት ነው። ካለው በኋላ ግን ቃሉ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት። ሶሲና ወደ ግራ ዓይኑ ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችና «ሐሙስ ይመለሱ» አለችው። «ሐሙስም ካልሆነልዎት ግን ምክንያቱን እስክናውቅ ሰው መጫን አይችሉም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የግራ ዓይኑን ነገር ጨርሶ አያውቅም ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ በግራው በኩል ያስቀመጠችለትን ሁሉ በክንዱ እየገፋ ሲሰብር ሚስቱ ጥሩነሽ «አንተ ሰውዬ፣ ለጠላ ቤት ነው እንዴ የምገዛው?» ትለው ነበር። ቀጥሎ የበር መቃን ግንባሩን ደጋግሞ መታው። ከዚያ ደግሞ ሰዎች ይቀየሙት ጀመር። ጅጅጋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ በግራው በኩል ቆሞ «ትግሉ!» ብሎ እጁን ያነሳ ሰው ሰላምታው ሳይመለስለት ይቀርና «ኮርቷል፤ ድሮም የወታደር ልጅ!» ይላል። አባቱ በሰባዎቹ መጀመሪያ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ እዚሁ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ትግሉ ግን ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሰላምታን እንደ ጸሎት የሚቆጥር ሰው ኮራ ሲባል ሌት ተቀን ይቆጨው ነበር። ቢሆንም ነገሩን ከዓይኑ ጋር አላገናኘውም፤ ወይም ማገናኘት አልፈለገም። መሪ ከያዘ በኋላ ሌላ ሙያ አልተማረማ! ሦስት ልጆቹም፣ ጥሩነሽም፣ የእሱ የራሱ ወንድነትም የተንጠለጠሉት እዚያ መሪ ላይ ነው።

ደግሞስ አደጋ መች ደርሶበት ያውቃል? ለምን እንዳልደረሰበት የገባው ከአዳራሹ በወጣ ማግስት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማርዎ እንደ ልማዷ ጋቢና ገባች። ማርዎ ከጅጅጋ ሐረር ጨርቅ የምታመላልስ ነጋዴ ናት፤ ከትግሉ በዕድሜ ከፍ ትላለች። እሱ አባዮ ይላታል፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለቱ ነው፤ እሷ ደግሞ ዋላል፣ ወንድሜ ትለዋለች። አንድ ጊዜ በሌላ መኪና ተገልብጣ ከተረፈች ወዲህ መንገድ ያስፈራታል። ፍርሃቷን የምታስወጣው በአፏ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ትጣራለች። ተሳፋሪው የትግሉ ሬዲዮ ይላታል። የጋቢናው ወንበር ለዓመታት የእሷ ሆኖ ኖሯል፤ እሷ ሳትመጣ መኪናው አይነሳም፣ ሌላ ሰው ከተቀመጠበትም ትግሉ ራሱ ያስነሳዋል። ለምን እንደሚያስነሳ ጠይቆ አያውቅም።

መኪናው ከከተማ ሳይወጣ ጀመረች። «ባጃጅ መጣልህ በግራ… ያቺ ሴትዮ ልትሻገር ነው… ጌል! ጌል! ቀስ በል ዋላል፣ ግመል ነው።» ትግሉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ጥሎ አዳመጣት። የራሱንም እግር ተከታተለ። እግሩ ፍሬን የሚረግጠው እሷ ስትናገር ነው። ግመሉን የሚያየው ስሙ ከተጠራ በኋላ፣ አንገቱን ሲያዞር ነው።

የዚህን ጊዜ መኪናውን አቁሞ መውረድ ነበረበት። ልቡ እንዲህ ብሎታል። ግን የጨነቀው ሰው ልቡን አይሰማም። «አይደለም» አለ ለራሱ። «እሷ ስለለመደባት ነው የምትጮኸው። እኔም አያለሁ።» ከዚያም ጉዳዩን ይኸው ጨርሼ ልየው ያለ ይመስል ወደ እሷ ዞሮ «አባዮ፣ ዛሬ ራሴን በጣም አሞኛል» አላት። «እባክሽ ካራማራን ወርደን ፋፈን እስክንደርስ ዝም በይልኝ።»

ማርዎ ቅር አላት። ራስና ትከሻዋን የሸፈነችበትን ጋርባሳሯን ወደ ፊቷ ሳበችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች።

ጋቢናው ጸጥ አለ። ካራማራን ወጡ። ትግሉ ግራውን ለማየት አንገቱን እንደ ዶሮ እየሰበቀ ነዳ። ወደ ግራ ሲያይ የፊቱ ያመልጠዋል፤ ወደ ፊት ሲያይ ግራው ይጠፋል። ጠፋ ማለት ጨለመ ማለት አይደለም፤ ያማ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዝም ብሎ ባዶ፣ ሰላማዊ፣ ምንም የሌለበት መንገድ ይመስላል። ከኋላ ሰዎች ያወራሉ፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ሰው ጭኖ ራሱን መፈተኑ ኃጢአት መሆኑን ያን ጊዜም ያውቅ ነበር።

የተራራውን ማዶ ቁልቁለት ጀምረው ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ማርዎ ጮኸች። የምን ዝምታ! «ጌል! ትግሉ! ጌል!»

መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩን አንኮሻኮሸ፤ መኪናው ወደ ገደሉ ጠርዝ ተንሸራተተና ተንገጫግጮ ቆመ። የግራው የጎን መስታወት የግመሉን ዳሌ መትቶ ተገንጥሏል። ግመሉ እያነከሰ ተሻገረ፤ ከኋላው ሌሎች ግመሎች በሰልፍ፣ ቀስ ብለው፣ ዓለም የእነሱ እንደሆነች ሁሉ ያልፉ ነበር። ጠባቂው ዱላውን አንስቶ ይሳደባል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ «ኧረ ሰውዬ፣ ይሄ ሁሉ ግመል አይታይህም?» አለ።

ይሄ ሁሉ ግመል። አንድ ግመል እንኳ አይደለም፤ መንጋ ነበር።

ማርዎ የትግሉን ፊት አየች። ከመንገዱ ይልቅ እሱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «ዋላል፣ አላየኸውም?»

«ራሴን አሞኛል አላልኩሽም እንዴ!»

ከዚያ እስከ ሐረር ድረስ ድንጋዩን ሳይቀር እየጠራች፣ በጠራች ቁጥር ደግሞ ወደ እሱ ዞር እያለች ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ እጁን ይሰጣል። ትግሉ ግን የተገላቢጦሽ አሰበ። ችግሩ ማርዎን ዝም ማሰኘቱ ነው። እሷ ስትናገር ምን ሆኖ ያውቃል? ምንም! ስለዚህ ሐሙስ ከማርዎ ጋር አዳራሹ በር ላይ ቆመ።

«እኔ በሥራ ላይ ጋቢናዬ ባዶ ሆኖ አያውቅም» አላት ሶሲናን። «ማሽናችሁ እውነተኛውን መንገድ ይመስላል ካላችሁ እሷ አጠገቤ ትቀመጥ። ከዚያ ገጭቼ እንደሆነ እንተያያለን።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ሶሲና ግን አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ በቀኙ አስቀመጠችለት። «ልክ ነዎት፤ እንደሚነዱት ይንዱ» አለች። ማርዎ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መቀመጫዋን እንኳ አላደላደለችም።

ሞተሩ ተነሳ።

«ባጃጅ በግራ» አለች ማርዎ። ረገጠ። «ፍየሎች።» ቀዝቀዝ አደረገ። «ጌል፣ ዋላል።» ግመሉ በፈረስ አረማመዱ መንገዱን አቋርጦ አለፈ። እንዲህ አድርጎ የነዳ ሰው በዚያ አዳራሽ አልታየም፤ ከኋላ ማጨብጨብ ተጀመረ። ዴቅ «ሬዲዮ ይከፈት!» እያለ ይጮሃል። ትግሉ ደረቱ ተነፋ። ይኸው! ሊቀር ነው፤ ይሄ ክፉ ሳምንት እንደ ቅዠት ሊቀር ነው። ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ ሰው ጭኖ ይወጣል።

ቁልቁለቱ መጣ። ማርሽ ቀየረ። የማርዎን ድምፅ ጠበቀ።

ማርዎ ዝም አለች።

መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰላማዊ ነው። ምንም ስለሌለ ዝም ብላ ይሆናል አለ። ከኋላው ግን ጭብጨባው ቆሟል። የቆመው ሁሉም በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ስለያዘ ነው። ትግሉ ይሄን ሰማ፤ ሰምቶም ከየት በኩል እንደሆነ አላወቀም። «አባዮ?» አለ። እግሩ ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ቀላ። ቢጫው ጀሪካን መስታወቱን መታው።

ትግሉ ሲዞር ማርዎ የጋርባሳሯን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ተቀምጣለች። እንባዋ ይወርዳል።

«አላየሻትም?»

«አየኋት። ከሩቅ ነው ያየኋት።»

«ታዲያ?»

«አንተ እንድታያት ጠበቅኩ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ያን ቀን ካራማራ ላይ እኔ ተኝቼ ቢሆንስ? አንድ ቀን እኮ አልመጣም፣ ዋላል። እታመማለሁ፣ እሞታለሁ። ያ ከኋላ የሚያለቅሰው ሕፃን ምን አደረገ? በእኔ ዓይን ሰው አትጭንም።»

«እንጀራዬን ዘጋሽው!» ብሎ ጮኸባት። «እህቴ ብዬ! አጠገቤ አስቀምጬ! ለልጆቼ አንቺ ንገሪያቸው!»

ማንም ጣልቃ አልገባም። ማርዎም ሲጮህባት ተቀበለችው።

ሶሲና መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ጋሽ ትግሉ፣ አፍንጫዬን ይዩ። ሌላ ቦታ አይዩ። እስክሪብቶውን ሲያዩት ይንገሩኝ።» በቀኙ በኩል ከኋላው ወደ ፊት ስታመጣው ገና ከጆሮው ሳያልፍ «ይኸው» አላት። በሌላው እጇ አደረገችው። ትግሉ አፍንጫዋን እያየ ጠበቀ። ጠበቀ። ትዕግሥቱ አለቀ።

«መቼ ነው የምታመጪው?» አለ።

እስክሪብቶው የግራ ጉንጩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ዴቅ፣ ያ ነገር ሁሉ ሳቅ የሆነለት ዴቅ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትግሉ ከእስክሪብቶው ይልቅ የጓደኛውን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለዴቅ ሰጠውና ወጣ። ማርዎ በሩ ጋ፣ በግራው በኩል ቆማ ነበር። አጠገቧ አለፈ። አላያት ይሁን ሊያያት አልፈለገ ማንም አላወቀም።

ሐረር ያየው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለው። ዓይንን ሳያሳምም፣ ሳያቀላ፣ ከዳር ጀምሮ የሚበላ በሽታ ነው። የግራው የሄደው አይመለስም፤ ቀኙንም ከአፍንጫው በኩል ጀምሮታል፤ የቀረውን ግን ጠብታውን ሳያቋርጥ እየተመላለሰ ከታየ ማቆየት ይቻላል። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እሱም ነበር የሚሄደው። ጥሩነሽ ይሄን ስትሰማ ስለ መኪናው አንድ ቃል አላነሳችም። የሻይ ብርጭቆውን አንስታ በቀኙ በኩል አደረገችለት። ትግሉ ያን ጊዜ አለቀሰ።

ለወራት መናኸሪያውን ሲሸሽ ከረመ። ለሕክምናው እንኳ ከመናኸሪያው ውጭ በሚጭን መኪና ነበር የሚሄደው፤ ማርዎን በምን ዓይኑ ይያት? የተናገራት ነገር እየቆየ ነው የመረረው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቀጠሮው አስቸኮለውና ራሱ ይነዳው ወደነበረው ቅጥቅጥ ሄደ። ዴቅ መሪውን ይዟል። ጋቢናው ውስጥ ማርዎ ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ የመስኮቱ ወንበር ክፍት ነው። ሌላ ቦታ አልነበረም። ማርዎ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ገብቶ ተቀመጠ።

ከከተማ ወጡ። ማርዎ ምንም አትልም። ባጃጁም አለፈ፣ ፍየሎቹም አለፉ፤ ዝም። ዳገቱን ጀመሩ፤ ዝም። ዴቅ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ መንገዱ ያያል። ማርዎ በግራው በኩል ስለሆነች ትግሉ አይታየውም፤ መኖሯን የሚያውቀው በትከሻዋ ሙቀት ብቻ ነው። ከተራራው ማዶ ቁልቁለቱ ሲጀምር አንገቱን እስከ መጨረሻው አዞረና ፊቷን አገኘው።

«እንደምን አደርሽ፣ አባዮ» አላት።

ወደ እሱ ዞረች። «ደህና፣ ዋላል።»

«ምነው ዝም አልሽ? እኔ እኮ ግራውን አላይም። ምን አለ?»

ማርዎ ጋርባሳሯን ከፊቷ ገለጠች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኩርባውን ሲዞሩ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ በዚያ በድሮው ድምጿ ጮኸች፤ «ጌል! ጌል!»

ዴቅ ቀስ አድርጎ ፍሬን ያዘ። የትግሉም ቀኝ እግር ወለሉን በኃይል ረገጠ፤ ግመሎቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ድረስም አላነሳውም።